ከማጅራት ወደ ግንባር

መርሳ ከተማ ውስጥ ሲራክን በደንብ የሚያውቀው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሰው ሁሉ የሚጠቁመው አስፋልቱ ዳር ወዳለችው ወደ ይርጋ ፀጉር ቤት ነው። ይርጋ ግን አያውቀውም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል። ሲራክ ያገባትን ሴት ለምን እንደፈታ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ጭኖ ሲመላለስ መሪውን ይዞ ብቻውን ምን እንደሚያስብ፣ ማንን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ይርጋ ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም። እሱ የሚያውቀው ጭንቅላቱን ነው።

ጭንቅላቱን ከሆነ ግን የወለደችውም ከእሱ አትበልጥም። ከቀኝ ጆሮው በላይ በልጅነቱ ድንጋይ ያረፈበትን ጠባሳ፣ አናቱ ላይ ወደ ግራ የሚዞረውን ሽክርክሪት፣ ማጅራቱ ላይ ፀጉሩ ከሌላው ቦታ ጠንክሮ የሚወጣበትን፣ ሁሉንም በጣቱ ያውቀዋል። ሲራክ ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ቅዳሜ እየዘለለ መጥቶ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲገባ «እንዴት ዋልክ» ይላል። ሲቀመጥ «እንደ ወትሮው» ይላል። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። የአይሱዙ ሹፌር እንቅልፍ ያገኘበት ቦታ ሁሉ አልጋው ነው። ይርጋም ይህን ዝምታ ይወድለት ነበር። ሌላው ደንበኛ የገበያውን፣ የጎረቤቱን፣ የሚስቱን ወሬ ሲዘረግፍበት ይውላል። ሲራክ ግን ጭንቅላቱን አምኖ ይሰጠውና ይተኛል።

የሲራክ ግንባር ወደ ኋላ መሸሽ የጀመረው ሁለቱም ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነው። መጀመሪያ በሁለቱ ጎን ገባ ገባ አለ። ከዚያ መሀሉ ሳሳ። ስለዚህ ነገር ሲራክ አንድ ቀን አንድ ቃል አልተናገረም፤ ይርጋም አላነሳበትም። ዝም ብሎ አንድ ቅዳሜ የቀኝ ጎኑን ፀጉር ሳይነካ አሳደገው፤ በሚቀጥለውም አልነካውም። ርዝመቱ ሲበቃው ወደ ግራ አበጠረና የሳሳውን ቦታ አለበሰው። ሲራክ ዓይኑን ገልጦ መስታወቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየ። ቅንድቡን ብቻ አነሳ። ከዚያ ወዲህ ያ አበጣጠር የሁለቱ ብቻ ምሥጢር ሆነ። የመርሳ ሙቀት እሳት ሲሆን እንኳ ሲራክ የመኪናውን መስኮት ዘግቶ ነው የሚነዳው፤ ነፋስ እንዳይገልጠው። ይርጋ ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያቺ አይሱዙ መስኮቷን ዘግታ ስታልፍ ባየ ቁጥር ሆዱ ይሞቀው ነበር። ሰው የሠራውን ግንብ በሩቁ አይቶ እንደሚደሰት ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ሲራክ አንድ ቅዳሜ ቀረ። ጭነት ይዞት ይሆናል ተባለ። የሚቀጥለውም ቅዳሜው አለፈ። ይርጋ በሩን እያየ ዋለ። አንድ ነገር ብቻ መጣበት፦ ሲራክ ሌላ ፀጉር ቤት ለምዷል። ወልድያ ውስጥ መብራታቸው ቀን ከሌት የሚበራ፣ ወንበራቸው ወደ ኋላ የሚተኛ፣ ሙዚቃ የሚያስጮሁ አዳዲስ ቤቶች እንደተከፈቱ ሰምቷል። ሹፌር ደግሞ በየሄደበት ፌርማታ አለው።

ሰኞ ዕለት ቤቱን ዘጋና «ምላጭ አልቆብኛል፤ ወልድያ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ለሚስቱ ለየሻረግ ነገራት። የሻረግ መሳቢያው ውስጥ ምላጭ በካርቶን እንዳለ ታውቃለች። ይርጋ ወልድያ ሄዶ ከአንዱ ፀጉር ቤት ወደ ሌላው በመስታወቱ አሻግሮ እያየ ተንከራተተ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ባየ ቁጥር ማጅራቱን ነው የሚያየው። አንዱ ቤት በር ላይ የቆመ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ይግቡ፤ ወረፋ የለም» አለው። ይርጋ ፀጉሩን ዳበስ አደረገ። የእሱ ፀጉር እንደ በግ ጠጉር የተጠቀጠቀ ነው፤ በዕድሜው ምንም አልቀነሰም። «አይ፣ ሰው ፈልጌ ነው» አለ። የዚያን ቀን ያልዋሸው ይህን ብቻ ነበር። ማታ ሲመለስ ምላጭ መግዛቱንም ረስቶት ነበር።

የሲራክን መምጣት የነገረው ታደሰ ነው። ታደሰ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ እጁ ከሞተር፣ አፉ ከሰው አይወጣም።

«ሰማህ ወይ?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ምኑን?»

«ደንበኛህ አዲስ አበባ ሄዶ ፀጉር አስተክሎ መጣልህ።»

ይርጋ ማበጠሪያውን በአልኮል እየጠረገ ነበር። መጥረጉን አላቆመም። «የትኛው ደንበኛዬ?»

«ስንት መላጣ ደንበኛ አለህ? ሲራክ ነዋ።»

«ሲራክ መላጣ አይደለም።»

ታደሰ ሳቀ። «ለካ አንተ ነህ ስታለብሰው የኖርከው። እኔማ ሰውየው ለምን መስኮት አይከፍትም እል ነበር። ይኸው አሁን ግንባሩን ባየኸው፣ ጤፍ የተዘራበት ነው የሚመስለው። ከሴት ፀጉር ገዝተው ነው አሉ የሚተክሉት።»

«ማን አለ?»

«ሰው ነዋ የሚለው። ቁረጠኝ እባክህ፣ አንተም ነገ ሥራ ልትፈታ ነው።»

ይርጋ ቆረጠው። ቶንዶሱ ግን ዛሬ ከወትሮው በርትቶ ነው የሄደው፤ ታደሰ ሁለት ጊዜ «ቀስ» አለ። ሲራክ ወልድያ ሌላ ፀጉር ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ይርጋን እንዲህ አያንገበግበውም ነበር። ፀጉር ቆራጭ ፀጉር ቆራጭን ይቀማል፤ ነገ ተመልሶ ይቀማዋል። ይህኛው ግን ስሙን እንኳ የማያውቀው ሐኪም ነው። ያ ሰው በአንድ ቀን ሥራ ይርጋ ለዓመታት በማበጠሪያ ሲጠብቀው የኖረውን የማያስፈልግ አድርጎታል።

ማታ ስልኩን ይዞ ቁጭ አለ። ቪዲዮ ፈለገ። አንድ የማያውቀው ሰው በደረቱ ተኝቶ፣ ራሱ ተላጭቶ፣ ሐኪሙ ከኋላው ተቀምጧል። መጀመሪያ ጭንቅላቱን በመርፌ ዙሪያውን እየወጉ ያደነዝዙታል። ከዚያ እንደ እስክሪብቶ ያለች፣ ጫፏ ክብ የሆነች መሣሪያ አለች። እያንዳንዷን ፀጉር ዙሪያዋን በስታ ታላቅቃታለች። በወረንጦ መዘዝ ሲያደርጓት ከነሥሯ ትወጣለች። ከማጅራት ሲነቅሉ ከአንድ ቦታ አከታትለው አይነቅሉም፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ እያሉ ነው፤ ቦታው እንዳይታወቅ። የነቀሉትን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ይደረድሩታል። ከዚያ ሰውየውን ገልብጠው ግንባሩ ላይ ፀጉሩ የሚጋደምበትን አቅጣጫ እየጠበቁ ትንንሽ ቀዳዳ ያበጃሉ፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ያስገባሉ። ሲነጋ የጀመሩት ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ያልቃል። መሀል ላይ ምሳ ይበላሉ።

ይርጋ ሰውየውን አላየውም። ያየው የሐኪሙን እጅ ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም። ወረንጦውን አያያዙ፣ ጣቱ ቆዳውን ሲወጥር፣ ደም ጠብ ሲል በጨርቅ እብስ ማድረጉ። መልሶ ከፈተው። መልሶ አየው።

የሻረግ ከበስተኋላው መጥታ ቆማ ነበር። «ጣውንት የመጣብህ ነው የምትመስለው» አለች።

«ወንድ ልጅ ጣውንት አለው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ወንድ በሰው ጭንቅላት ሲቀና ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ይልቅ ሳይነጋብህ ተኛ።»

በማግስቱ ይርጋ ብርቱካን ገዝቶ ሲራክን ሊጠይቅ ሄደ። ሰው ተወግቶ፣ ደም ፈሶት፣ ቤት ተኝቶ ሳለ አለመጠየቅ ነውር ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ሲራክ ከፈታ ወዲህ የሚኖረው ከእናቱ ከእትዬ ማሚቴ ጋር ነው። እትዬ ማሚቴ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ያስላቸዋል። ብርቱካኑን አይተው ሳቁ።

«ምነው የኔ አበባ፣ በሽተኛ አለ ብለውህ ነው?»

«ሲራክን ልጠይቅ ብዬ ነው፣ እትዬ። ጤና ይስጥዎ፤ እርስዎስ ሳልዎ አልለቀቀዎትም?»

«የኔስ የእርጅና ነው። ያንተ ጓደኛ ግን በፈቃዱ ነው የተወጋው። ባየኸው፣ እንደ ዘበኛ ተቀምጦ እኮ ነው የሚያድረው! ትራስ አይንካኝ፣ ሰው አይጠጋኝ ይላል። ዶሮ እንኳ እንቁላሏን እንዲህ አልታቀፈችም።»

ሲራክ ከውስጥ ወጣ። ራሱ ተላጭቶ፣ ግንባሩ ላይ ቀያይ ነጥብ ተደርድሮ፣ ቅርፊት ይዞ ነበር። ይርጋ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ጠባሳው ቦታው ላይ ነው» የሚል ሆነ። እስኪገርመው ድረስ አንጀቱ ራራ። ከዚያ ቀና ብሎ ያን የነጥብ መስመር አየ፤ አንጀቱ ተመልሶ ጠነከረ።

ለወጉ ብሎ ጠየቀው። ሲራክም መለሰ። መለሰ ብቻ ሳይሆን አወራ። እስከ ዛሬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያላወራውን ያህል አወራ።

«ከማጅራቴ ነው የነቀሉት» አለ። «የማጅራት ፀጉር የግንባርን ጠባይ የለውም፤ እስክትሞት አይለቅህም። የትም ብትወስደው ያንኑ ጠባዩን ይዞ ይሄዳል አለኝ ሐኪሙ።»

«የሴት ፀጉር ነው ይላሉ ሰዎች።»

«የሌላ ሰው አይሆንም። ሰውነትህ አይቀበለውም። አዲስ ፀጉር የሚባልም የለም። ያለህን ከጓሮ ወደ ደጅ ማዛወር ነው። ከኋላ ከሌለህ ከፊትም የለህም።»

«ያማል?»

«መርፌው ብቻ። ከዚያ በኋላ ሲጫወቱብህ ቢውሉ አይሰማህም። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው። ሲሠራ ያጫውትሃል። የት አገር ሰው ነህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ለምን መጣህ፣ ሁሉንም ጠየቀኝ።»

«ነገርከው?»

«ቀኑን ሙሉ ምን ልሥራ? ነገርኩታ።»

 ለምን እንደሄደ ይርጋ አያውቅም። ሐኪሙ ግን ያውቃል። አንድ ቀን ያየው ሰው ያውቃል። እጁ ሳያስበው ወደ ሲራክ ግንባር ተዘረጋ፤ ለዓመታት እንደለመደው።

ሲራክ ራሱን ወደ ኋላ ሳብ አደረገ። «አይነካም» አለ።

ክፉ አልነበረም አነጋገሩ። ሐኪሙ ያለውን ነው የደገመው። ይርጋ ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ያቺን አንዲት ቃል ሲያኝክ ነው የሄደው።

ጥቂት ሳምንት አለፈ። ሲራክ ሥራ ጀመረ። አንድ ቀን መኪናውን ታደሰ ጋራዥ አቁሞ ሳለ ይርጋ ከበሩ ላይ ሆኖ አየው። ፀሐይዋ ግንባሩ ላይ ታንጸባርቃለች። ይርጋ መንገዱን ተሻግሮ ሰላም አለው፤ ዓይኑ ግን ወደ ግንባሩ ነው የሚሄደው። ቅርፊቱ ረግፏል። ያ የተደረደረው ፀጉርም ረግፏል። ከመተከሉ በፊት ከነበረውም ባዶ ነው። የሸሚዙ ኮሌታ ላይ እንኳ ሁለት ሦስት ጥቃቅን ፀጉር ነበር።

ደስ አለው። ደስታው ራሱንም አሳፈረው፤ ደስታ መሆኑን ግን አልካደም። ቪዲዮው እዚያ ድረስ አልሄደም ነበር፤ ቪዲዮው ያለቀው ሰውየው መስታወት አይቶ ሲስቅ ነው። ሲራክ ከሄደ በኋላ ታደሰ ለመቆረጥ መጣ። ይርጋ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ችግኙ ደርቋል» አለ።

ታደሰ ያንን ቃል ቁርስ አደረገው። መርሳ ሽንኩርት የሚተክል አገር ነው፤ ችግኝ መድረቅን የማያውቅ የለም። በሁለተኛው ቀን ሲራክ ጭነት ሊጭን ሲሄድ ወዛደሩ «ውሃ አጠጣው» አለው። ውርጌሳ ላይ የሚያውቀው ተራ አስከባሪ «ዘንድሮ ዝናብ አጠረ አይደል?» ብሎ ጠየቀው። ሐራ ድረስ ሄደ አሉ ነገሩ።  ሲራክ ጋራዡን ቀየረ። ፀጉር ቤቱ ያለበትንም አስፋልት ሲያልፍ ወደዚያ ወገን መዞር ተወ። ይርጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠበቀው። ፀጉር የሌለው ሰው ፀጉር ቤት ምን ያደርጋል ብሎ ራሱን አጽናና፤ አመሻሹ ላይ ግን ያቺን ወንበር ሌላ ሰው ሳይቀመጥባት ቀድሞ ጠረጋት።

እንዲህ ሆኖ ሰኔ ገባ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ከብት ተዘርግቶ መኪና ሁሉ ቆመ፤ የሲራክ አይሱዙ በትክክል ከፀጉር ቤቱ ፊት ቆመች። መስኮቱ ተከፍቷል። ይርጋ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ አየ። ከሲራክ ግንባር ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር ያለ፣ ገና ያልጠነከረ፣ ግን የማያጠራጥር ነገር ወጥቷል። መስመሩም ያው ይርጋ ሲያየው ያንገበገበው መስመር ነው። ከብቱ አለፈ፤ መኪናዋም ሄደች።

ማታ ለየሻረግ፣ «በቅሏል» አላት።

«ደርቋል ስትል አልነበር?»

«ሥሩ ውስጥ ነው ለካ። የተተከለው ፀጉር መጀመሪያ ይረግፋል፤ ሥሩ ግን እታች ይቀመጣል። ወራት ቆይቶ ነው የሚያወጣው። ዛሬ ነው ያነበብኩት።»

«እሰይ ነው እንግዲህ።»

«እሰይ ነው» አለ ይርጋ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ።

እትዬ ማሚቴ ያረፉት ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሳሉ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። መርሳ ሁሉ ቀበራቸው። ይርጋ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይዞ፣ ወንበር ሲወርድ ተሸክሞ ዋለ። የሚጠብቀው ሰልስቱን ነበር። በዚያ አገር ልጅ ለእናቱ ይላጫል። የሚላጨውም እዚያው ልቅሶ ቤት ነው፤ ምላጩን የሚይዘውም የሰፈሩ ፀጉር ቆራጭ ነው። ለዚህ ደግሞ መርሳ ውስጥ ከይርጋ በቀር የሚጠራ የለም።

ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቃል። ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታው ሌላ ሆኗል። ታደሰ አጠገቡ ለተቀመጠው፣ «አይላጭም፤ ያን ሁሉ መርፌ ችሎ?» ሲል ይርጋ ሰምቶታል። ሌላው፣ «እናቱን ነው ወይስ ፀጉሩን የሚወደው፣ ዛሬ እናያለን» አለ። ሲራክ ነጠላውን አዘቅዝቆ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። 

ጋሼ ደሳለኝ የሟቿ ወንድም ናቸው፤ ከወልድያ በላይ ካለው ደጋ ነው የወረዱት። ከዘራቸውን አቁመው፣ «ፀጉር ቆራጩ አለ?» አሉ።

«አለሁ፣ ጋሼ» አለ ይርጋ።

«እንግዲያው ልጁን ላጭልን። ዘጠኝ ወር ለተሸከመችው ፀጉር ምን ቁም ነገር አለው? ምላጭ ይንካው።»

ይርጋ ውሃ በሳህን አስመጣ። ሲራክ ከፊቱ መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከጥር ወዲህ ይህ ጭንቅላት በእጁ ሥር ሲሆን የመጀመሪያው ነው። አላረጀም፤ ያው ነው። ጠባሳው ከጆሮው በላይ፣ ሽክርክሪቱ ወደ ግራ።

ጎንበስ ብሎ፣ «ሐኪሙን ጠይቀኸዋል?» አለው በለሆሳስ።

«ትናንት ደወልኩለት።»

 እናቱን ቀብሮ ሲራክ የደወለው ለሐኪሙ ነው። ሁለት መንገድ አቋርጦ ይርጋን መጥራት ሲችል።

«ምን አለህ?»

«መቀስ ይችላል አለ። ምላጭ ግን ገና ነው፤ ቢቆይ ይሻላል አለ።»

«አንተስ?»

«ላጨው።»

ይርጋ ከማጅራቱ ጀመረ። ፀጉሩን አርሶ፣ ምላጩን ቀይሮ፣ ከታች ወደ ላይ ወጣ። ፀጉሩ ሲነሣ ቆዳው ተገለጠ፤ ቆዳው ላይም ነጫጭ ነጥብ ተገለጠ፤ እያንዳንዱ ፀጉር የተነቀለበት ቦታ። ይርጋ ዓይኑን አጥብቦ ስህተት ፈለገ። አንድ ቦታ በዝቶ የተነቀለ፣ የተጎደጎደ፣ የተጣመመ ነገር ፈለገ። ያን የመሰለ ጭንቅላት ማንም ቢነካው አንድ ቦታ መሳቱ አይቀርም ብሎ ያምን ነበር። አላገኘም። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ እንደ ከዋክብት ተበትኗል። ሐኪሙ ጠባሳውን እንኳ አልፎት ነው የሄደው፤ ዙሪያውን አልነካም። ይርጋ እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ ቢያደንቅ ደስ ባለው፤ የሌላ ሰው ሥራ በሌላ ሰው ጭንቅላት ላይ ቢሆን ኖሮ።

ጎኑን ጨረሰ። ግንባሩ ቀረ። ለስላሳው ፀጉር በምላጩ ፊት ለፊት ነው። አንድ ጊዜ ወደ ታች ቢሳብ በቃ ነው፤ ያ መስመር ይጠፋል። ተመልሶ ይበቅል ይሆናል፣ ላይበቅልም ይችላል፤ ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም። የሚወቅሰውም የለም። ሽማግሌው አዘዋል፣ ባለቤቱ ፈቅዷል፣ ወጉም ያዛል። ይርጋ ለወራት የተመኘው ነገር በሙሉ ሕጋዊ ሆኖ እጁ ላይ ተቀምጧል።

ምላጩን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ። መቀስ አወጣ።

ቆዳውን ሳይነካ፣ በማበጠሪያ እያነሳ፣ እስከሚችለው ድረስ ዝቅ አድርጎ ከረከመው። ከሩቅ ለሚያይ የተላጨና የተከረከመ አይለይም። ጋሼ ደሳለኝ ግን ቅርብ ነበሩ።

«ምላጩስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ቆዳው ገና ቁስል ነው። ከዚህ በላይ ከሄድኩ ደም ይፈሳል፤ ደግሞ በሰልስት ደም ማፍሰስ ጥሩ አይደለም። ጥፋት ካለ የኔ ነው፤ ይውቀሱኝ።»

ሽማግሌው የሲራክን ራስ አዩ፣ ይርጋን አዩ። «ይበቃል» አሉ። ታደሰ ከወዲያ አንገቱን ሲያሰግግ ይርጋ ቀና ብሎ አየው፤ ታደሰ መልሶ ተቀመጠ።

በኋላ የሻረግ «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ደግ ሠራህ» ስትለው ይርጋ ተቆጣ። ደግነት አልነበረም። ያ ሐኪም ነገ ጠዋት ስልኩን አንስቶ፣ «መርሳ ያለ አንድ ፀጉር ቆራጭ አበላሸው» እንዲል ስላልፈለገ ነው። ለሐኪሙ ያንን ደስታ ላለመስጠት ነው። የሻረግ «እንግዲያው ለሐኪሙም እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

የእትዬ ማሚቴ አርባ ካለፈ በኋላም ሲራክ አልመጣም። ክረምቱ አለፈ። መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጋረጃው ተገለጠና ገባ።

«እንዴት ዋልክ» አለ።

«እንዴት ዋልክ» አለ ይርጋ። እጁን በፎጣ ጠረገ፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።

ሲራክ ተቀመጠ። ፀጉሩ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንድ ወጥ ሆኖ አድጓል። ከፊት ትንሽ ከርደድ ይላል፤ የማጅራት ፀጉር ስለሆነ ነው። ይርጋ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት። ጣቱን ፀጉሩ ውስጥ ሰደደ፤ በዚህ ጊዜ ማንም አይነካም አላለውም።

«እንዴት ላድርገው?»

«ዝም ብለህ አሳጥረው።»

ይርጋ ቶንዶሱን ከፈተ። መሥራት ሲጀምር ነው የገባው። የሚለብስ ነገር የለም፤ የሚሸፈን የለም። ወደ ቀኝ ቢበጠር፣ ወደ ግራ ቢበጠር አንድ ነው። ይህን ፀጉር ወልድያ ያለ ማንም ልጅ ይቆርጠዋል። ትናንት የተለማመደም ይቆርጠዋል። ይርጋ ጭንቅላቱን አግኝቷል፤ ጭንቅላቱ ግን ከእንግዲህ እሱን አይፈልግም። ቀስ ብሎ ቆረጠ፤ ለሠርግ እንደሚቆርጥ። ሲራክ ዓይኑን አልጨፈነም። መስታወቱ ውስጥ ያየዋል።

ጎኑን ጨረሰ። አናቱን ጨረሰ። ግንባሩ ላይ ደርሶ ቆመ። ያንን መስመር በማበጠሪያው ጫፍ ተከተለው፤ የአንድ ፀጉር ያህል እንኳ አላዘነበለም። ያኔ ነው አፉን የከፈተው።

«ሲራክ።»

«እ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቅ።»

«ለሐኪሙ ለምን እንደመጣህ ነግረኸዋል። ቀኑን ሙሉ አጫውተኸዋል። እኔ ዘንድ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጠሃል።» ማበጠሪያውን አስቀመጠ። «እኔ ምን አጎደልኩብህና ነው ሳትነግረኝ የሄድከው?»

ሲራክ መስታወቱ ውስጥ አየው። ለመናገር የፈለገ መሰለ። 

«እሱን አትጠይቀኝ፣ ይርጋ» አለ። «እሱን አልመልስልህም።»